የመሪጌታ መቋሚያ

ከትክል ድንጋይ የወጣን ለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ባሌ ልጃችንን ብርቄን አንስቶ ጀርባዬ ላይ አሳዘለኝ። ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ አትቆምም፣ አትናገርም። ጸበሉን በየደብሩ አዳርሰናል። ጎንደር ሕፃናት የሚያይ ሐኪም ቤት አለ ሲባል ሰማን።

«ለመከር ትደርሳላችሁ» አለኝ። አላለቀስኩም።

ጎንደር ሐኪም ቤት ስንደርስ፣ ነርሷ የልጄን እግር ዳበሰች። «ከጀርባሽ የምትወርደው መቼ ነው?»

«ስትተኛ።»

«ምነው?»

«ታሳዝነኛለች።»

«ከዛሬ ጀምሮ መሬት ትዋል። የምትይዘው እንጨት ፈልጊና ቁጭ ብድግ ታድርግ። ልጅነቷ ካለፈ ይከብዳል። ጸበሉንም አትተዪ፤ በየሳምንቱ ግን አምጫት።»

ቁጭ ብድጉን «ኤክሰርሳይዝ» ትለዋለች። በየሳምንቱ ከትክል ድንጋይ መመላለስ አይሆንልኝም። እዚያው ጎንደር ቀረሁ።

ቁስቋም አጠገብ ቤት የሚያከራዩ አንድ መሪጌታ አገኘሁ።

«ልጅሽ ትረብሻለች?»

«አትናገርም፣ የኔታ።»

«ትሮጣለች?»

«አትሄድም።»

«እንዲህ ያለ ተከራይ ከየት ይገኛል! ግቢ።»

ከተማው ይሞቃል። ወተቱ ውሃ ውሃ ይላል፤ ጎረቤት ካልጠሩት አይመጣም። ሌላውን ብዙ አላስታውስም፤ ቀኑ ሁሉ ቁጭ ብድግ ነበር። ብርቄ ከጀርባዬ በወረደች ቁጥር ትጮኻለች።

አንድ ጠዋት የኔታ ከማኅሌት ሲመለሱ ጩኸቷን ሰምተው ገቡ።

«ዝምተኛ ብለሽ ያስገባሻት ይህችን ነው?» አሉና መቋሚያቸውን አግድም ያዙላት። «ተንሥኡ!» አሉ እንደ ዲያቆን። ጩኸቷን አቁማ እንጨቱን ጨበጠች። «ያዢው፤ እኔም ሌሊቱን የቆምኩት በዚሁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ሲወጡም መቋሚያውን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድመውላት ይሄዳሉ። እግዜር ይስጣቸው።

የቁስቋም ዕለት ቅዳሴ ላይ ነበርን። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል፣ ነጠላዬ ላይ የተቀመጠችው ብርቄ ቀሚሴን ይዛ ተነሣች። ማንም አላየም። ሁሉም ቆሞ ነበር።

በማግስቱ የአገር ቤት ጎረቤታችን አያ ታደገ ለገበያ መጥቶ ጎራ አለ።

«መከሩ ደርሷል። ምነው ቀረች ይላል ባልሽ።»

«ቆመች በለው።»

«እሰይ! ሸጋ ነው። መቼ ትመጣለች ቢለኝስ?»

ነርሷ ልጅሽ መራመድ እስክትጀምር አትሂጂ ብላኛለች። አገር ቤት ከገባን ደግሞ እኔ እርሻ ላይ ስውል ሌላው አዝኖ ያዝላታል። የአያ ታደገ ጋቢ ጭድ ጭድ ይሸታል። ብርቄ መቋሚያውን ይዛ ታየኛለች።

«ቆመች በለው፣ አያ ታደገ» አልኩት።