ጨፌው ወዴት ነው?

የማስተምርበት ትምህርት ቤት መካኒሳ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን ከተማሪዎች ምገባ ኩሽና የሚወጣው የዕቃ እጣቢና ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ በክፍሎቹ ጀርባ እየተጎተተ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ቅባት የያዘ፣ ግራጫ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚከረፋ ውኃ ነው። ስለ አካባቢ ብክለት የሚናገረውን ምዕራፍ የማስተምረው መስኮት አዘግቼ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ መስኮቱን ብንከፍተው አይሻልም? ትምህርቱ እኮ ያለው ውጪ ነው» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ነገር ግን ፉሪ፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው የልጅቷን ንግግር ነበር።

በዚያን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ የሰጠችኝ ልጅቷ ናት ማለት ይቻላል። ያሰብኩት ይህን ነው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የእጣቢውን ውኃ የሚያጣራ ነገር ነድፈው ይሥሩ፣ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ውኃውን ይመርምሩ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የቦዩን ተዳፋት ያስሉ፣ ያወቁትንም ለሰፈሩ ያስተምሩ። አካባቢው፣ ምሕንድስናውና ትምህርቱ ሳይነጣጠሉ አንድ ጥናት ይሁኑ ነው ያልኩት።

አማካሪ ሆኖ የተመደበልኝ የምሕንድስና ዶክተር ነበር። ጨዋ፣ ለስላሳ ተናጋሪ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ሐሳቤን ስነግረው ፈገግ ብሎ ይህ የሦስት ሰው ሥራ እንደሆነ፣ አንዱን መርጬ ሌላውን ብተው እንደሚሻል መከረኝ። አልተውኩም። ብዙ ተመላልሼ፣ ብዙ ተከራክሬ በመጨረሻ ፈቀደልኝ።

ሥራውን የጀመርነው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከግቢው ዝቅ ባለው ጥግ ነበር። አብራኝ የለፋችው የሒሳብ መምህርቷ ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ መጥተው መካኒሳ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ ከሱቃቸው ያረጀ በርሜል፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሽቦ፣ ያልለመነችልን ነገር የለም። ልጆቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ጠጠርና አሸዋ ደለደሉ፣ ከወንዙ ዳር ቄጠማና ሸምበቆ ነቅለው ተከሉበት። ውኃው በአንድ በኩል ግራጫ ሆኖ ይገባል፤ ቀስ ብሎ በሥሩና በጠጠሩ መካከል አልፎ በሌላው በኩል ጠርቶ ይወጣል። ልጆቹ «ጨፌው» ብለው ስም አወጡለት።

ዶክተሩ የመጣው ያኔ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሣ፣ ጨፌውንም ከየአቅጣጫው አነሣው፣ በርቱ ብሎን ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞላ። መስከረም ላይ ስንመለስ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጭቃ ብቻ ነበር የጠበቀን። ቄጠማው ተቀብሯል፣ ጠጠሩ በደለል ታፍኗል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ጓደኛዬ ግን ጭቃው ላይ ቆማ፣ ለምን እዚህ ሠራነው ብላ ጠየቀቻቸው። ያን ጥያቄ ይዘው ውኃው ከየት እንደመጣ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ሲለኩ ሲያስሉ ሰነበቱ። ጨፌውን ወደ ላይ፣ ከኩሽናው ጀርባ ማንሣት እንዳለብን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። እንደገና ቆፈርን፣ እንደገና ተከልን። አዲሱን እስከ ዛሬ የነካው ጎርፍ የለም።

ይህን ሁሉ በጥናቴ አራተኛ ምዕራፍ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ለምን እንደከሸፈ፣ ልጆቹ ከመክሸፉ ምን እንደተማሩ፣ ሁለተኛው የት እንደተሠራ፣ ሁሉንም። ለእኔ የጥናቱ ልብ ያ ምዕራፍ ነው። ዶክተሩ እንዳነበበውና ግሩም እንደሆነ ነገረኝ። ፈረመልኝ። ተመረቅኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ጓደኛዬ ስልኳን አምጥታ ፊቴ አደረገችው። አንድ ዘመዷ ከተሳተፈበት ትልቅ ስብሰባ በቴሌግራም የላከላት ፎቶ ነው። መድረኩ ላይ ዶክተሩ ቆሟል። ከኋላው በሰፊው ስክሪን ላይ ልጆቼ ጨፌው ላይ ጎንበስ ብለው ይታያሉ። ርዕሱ ከእኔ ርዕስ ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የእርሱ ስም ብቻ ነው። የእኔም የለም፣ የትምህርት ቤቱም የለም፣ የልጆቹም የለም።

በማግሥቱ ቢሮው ሄድኩ። ሊሸሽ ይችላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እርሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ለመነጋገር በመምጣቴ ደስ እንዳለው፣ ጥናቱ የአንድ ሰው ንብረት እንዳልሆነ፣ ስሜን ለመጥቀስ ቦታ እንዳልተገኘ በዚያው ለስላሳ ድምፁ አስረዳኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ።

«ያንቺ ድርሻ የማስተማሩ ነው፤ እሱን በጣም ቆንጆ አድርገሽ ሠርተሻል። ምሕንድስናው ግን የኔ ነው። እነዚህን ነገሮች ማገናኘት ቀላል አይደለም።»

አንዱን ምረጪ ብሎኝ የነበረው ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ብናገር አለቅስ ነበር፤ እርሱ ፊት ከማለቅስ ደግሞ ሞቴን እመርጥ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ያዝኩ። ቂም ስል እንደ ወሬ አይደለም፤ ጠዋት ስነቃ አብሮኝ የሚነቃ፣ ምሳ ስበላ አብሮኝ የሚቀመጥ ነገር ነው። ጓደኛዬ ፌስቡክ ላይ እናውጣው፣ ክሰሺው፣ ጩኺ አለችኝ። እምቢ አልኳት። ብጮህ ሰው የሚሰማው እርሱን ነበር፤ ዶክተር እርሱ ነው።

ዓመት ሊሞላው ሲል አዲሱ ርዕሰ መምህራችን ደስ ብሎት መምህራን ክፍል ገባ። እርሱ ከሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ስለ ድሮው ጨፌ የሚያውቀው ነገር የለም። ዶክተሩ ደውሎለት ነበር። ፕሮጀክቱን በሌሎች ትምህርት ቤቶች ለማስፋት ድጋፍ የሚሰጡ እንግዶች ይዞ ይመጣል፤ ማስጎብኘቱን ራሱ ያደርገዋል። ከእኔ የሚፈለገው ልጆቹን ዩኒፎርም አስለብሼ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ከወጣ በኋላ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። «የቱን ነው የሚያስጎበኘው?» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ያ የስክሪን ፎቶ ትዝ አለኝ። ከልጆቹ ኋላ የሚታየው የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ነው። ሰውዬው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጨፌው ወደ ላይ መዛወሩን ቢያነብ ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ያነበብኩት ያለኝን ምዕራፍ አላነበበም። ጓደኛዬ በሻርፗ አፏን ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ሲቀልለኝ ተሰማኝ።

ደውዬ ልነግረው እችል ነበር። ለርዕሰ መምህሩ ሹክ ማለት ይበቃ ነበር። አልነገርኩም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄጄ አየሁት እንጂ። በደረቀው ደለል ላይ የተሰባበሩ ዴስኮች ተቆልለው ዝገዋል፣ በመካከላቸው እሾህ በቅሏል። እንደዚያው ይቆይ ብዬ ተመለስኩ።

የመጡ ዕለት ዶክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ከእንግዶቹ ሁለቱ ፈረንጆች፣ አንዷ ሐበሻ መሐንዲስ ናት። እኔን ሲያይ ጨበጠኝ፤ «የትምህርት ቤቱ መምህርት ናት፣ ብዙ ረድታናለች» ብሎ አስተዋወቀኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ እያወራ ቁልቁለቱን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመራቸው ጀመር። አካባቢ፣ ምሕንድስና፣ ትምህርት እያለ በጣቶቹ ይቆጥርላቸዋል። ከኋላ ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዷ እጇን አውጥታ በዚያ በኩል አይደለም ልትል ስትል በዓይኔ ገሠጽኳት። እጇን መለሰች። ገብቷት ነበር።

ጥጉን ዞረ። ወሬው ተቋረጠ።

ከእንግዶቹ አንዱ ዴስኮቹን አየ፣ ሌላው ደግሞ ምናልባት ከእነርሱ ኋላ ይሆናል ብሎ አንገቱን አሰገገ። ዶክተሩ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ጫማው እሾህ ውስጥ ገባ። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። ዞሮ ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጨፌው ወዴት ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ጣዕም አልዋሽም። እርሱ ዝቅ ያደረገውን ድምፅ እኔ ከፍ አደረግኩት።

«እዚህ በጎርፍ ከጠፋ ቆየ እኮ ዶክተር። የት እንደተዛወረ ምዕራፍ አራት ላይ ጽፌዋለሁ። አንብቤዋለሁ ብለውኝ ነበር።»

ፈረንጆቹ አማርኛ አይሰሙም። መሐንዲሷ ግን ሰማች። እርሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጥናቱ የማን እንደሆነ በአማርኛ ጠየቀችኝ። የእኔና የልጆቹ እንደሆነ ነገርኳት። ለባልደረቦቿ ስትተረጉምላቸው እርሱ ጫማው ላይ የተሰካውን እሾህ ጎንበስ ብሎ እየነቀለ ነበር። ብዙ ቆየበት።

ወደ ላይ፣ ከኩሽናው ጀርባ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አስረጂዎቹ ደግሞ ልጆቹ ናቸው። የመጀመሪያው ለምን እንደከሸፈ ሲናገሩ እንግዶቹ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደራርቡ ነበር። ዶክተሩ ከባንዲራው ሥር ብቻውን ቆሞ ስልኩን ይነካካል። አልጠራሁትም።

ድጋፉ በእርሱ በኩል እንደማይሰጥ የሰማሁት ከሰነበተ በኋላ ነው። በዚያው ድጋፍ ጎፋ ላለ ትምህርት ቤት ሌላ ጨፌ ስንሠራ ልጆቻችን አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ለእኔ አላለቀም።

ዶክተሩ ሽማግሌ ላከብኝ። የመጡት በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩኝ፣ የማከብራቸው አዛውንት መምህር ናቸው። ፉሪ ድረስ በታክሲ ተንገላተው መጥተው ቤቴ ገቡ። ምሳ አቀረብኩላቸው። ሰው እንደሚሳሳት፣ ሰውዬው በየስብሰባው መሳቂያ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ምን እንደምፈልግ በለሆሳስ ጠየቁኝ። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ መጥቶ፣ ፎቷቸውን በተጠቀመባቸው ልጆች ፊት ሥራው የማን እንደሆነ በማይክ ይናገር አልኳቸው።

ጉርሻቸውን ሳይውጡ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄማ ማዋረድ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ማዋረድ ነው» አልኳቸው።

አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ብርድ እያንቀጠቀጠን፣ ከመዝሙሩ በኋላ ማይኩን ያዘ። አጭር ነበር። ሥራው የመምህርታችሁና የእናንተ ነው፣ ስማችሁን ሳልጠራ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ድምፁ ያው ለስላሳ ድምፅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ሰለለ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እነርሱ ለማንም እንግዳ ያጨበጭባሉ። ጓደኛዬም አጨበጨበች። እኔ እጄን ከጋዎኔ ኪስ አላወጣሁም። ሲጨብጠኝ ብቻ አወጣሁት፤ መልሼም ከተትኩት።

ያን ጠዋት ይበርድልኛል ብዬ ስጠብቅ የነበረው ነገር አልበረደልኝም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ፣ ሁለተኛ ጊዜ ይናገር ብዬ ባዘው ይሻል ነበር እያልኩ ነበር።

አሁንም የሚጽፈውን እየፈለግኩ አነባለሁ። የራሱ ተማሪዎች እንኳ እንደ እኔ አያነቡትም። በቅርቡ ባወጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ምስጋና ብሎ ስሜን ጠቅሶታል፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ግን አንድ ፊደል ጎድሎታል። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ። ማረም የሚቻለው ዋናው ጸሐፊ ስሕተቱን አምኖ ሲፈርም እንደሆነ መለሱልኝ። እርሱ ደወለልኝ። ማንም የማያየው ትንሽ ነገር ነው፣ ብንተወው አለኝ።

«ትንሽ ከሆነ መፈረሙ አይከብድም» አልኩት።

ፈረመ። ማረሚያው ከጽሑፉ በላይ ወጥቷል፤ የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። ለጓደኛዬ ሳሳያት፣ «አሁንስ በቃሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ አሰብኩና፣ ሌላ ጽሑፍ በዚህ ዓመት ሊያወጣ እንደሆነ መስማቴን ነገርኳት።