ከጋሽ አንጁሎ ማሳ የወጣው መንጋጋ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ የተላከለትን የፕላስቲክ ዳይኖሰር ይዞ ሳሎኑን ሲያተራምስ፣ እናቱ «አያትህ እኮ የእውነቱን አግኝተዋል፤ ጠይቃቸው» አለችው። መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ግድም ስተርከው እንደኖርኩት ልጀምርለት ብዬ ተውኩት። ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሣሁ። ምንም አላመመኝም ነበር።

ሲጀመር ዳይኖሰር አልነበረም። የእኛ የጫሞ ሐይቅ ዳር አጥንቶች ከዳይኖሰር ጋር ሲተያዩ የትናንት ናቸው። እኛ ቤት ግን ትልቅ አጥንት ሁሉ ዳይኖሰር ነው፤ እኔም አላረምኳቸውም። ካላረምኩት ሁሉ ይሄ ትንሹ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አርባ ምንጭ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ሴቻ ሰፈርን ሽቅብ ቁልቁል የምል ጎረምሳ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ሲመጡ አስተርጓሚ አድርገው መደቡኝ፤ ጋሞኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። መሪያቸው ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ዶክተር ነበረች። በሦስተኛው ቀን እሷ «ጎበዝ» እንድትለኝ ካልሆነ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ምን ይደረግ፣ ልጅነት ነው እንዳልል ልጅ አልነበርኩም።

ሥራው መሬት መሬት እያዩ መሄድ ነው። በየካቲት ፀሐይ፣ በግራር እሾህ መሐል፣ ጎርፍ የበላውን ቦረቦር ሁሉ አጎንብሰን እንዞራለን። ቀትር ላይ ከሐይቁ የመጣ አሳ እንጠብሳለን፤ አንዳንዴም የመንደሩ ሴቶች በቆሎ በሽፈራው ቅጠል ቀቅለው ያመጡልናል። ዶክተሯ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ያያችሁትን እንዳትነኩ። አጠገቡ ድንጋይ ከምሩና ጥሩኝ። ዕድሜውን የሚነግረን የተኛበት አፈር ነው» ብላ ነበር። ይህንን ለቀን ሠራተኞቹ በጋሞኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ጋሽ አንጁሎ ነበሩ፤ እዚያው አጠገብ በቆሎ የሚያርሱ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝና ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ከቀዩ አፈር ግድግዳ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ ብሏል፤ ጥርሱ እንደ ጎማ ጫማ ሶል ሸንተረር ሸንተረር ነው። የዝሆን ዘመድ ነው አሉ በኋላ። «አባቴ እንዳልነካው አዞኝ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። አሁን የሚያውቅ ሰው መጥቷል፤ ለሴትዮዋ ንገራት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ ለሥራ ወደ ካምፕ እንደሄዱ አይቼ፣ ዶማ ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። ስስበው ቀጭ አለ። ግማሹ እጄ ላይ መጣ፣ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ ቀረ። በሸሚዜ ጠቅልዬ ካምፕ ገባሁና «አገኘሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ አቀፈኝ። ዶክተሯ ብቻ አላቀፈችኝም። «ለምን አነሣኸው?» አለች።

«ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«የት?»

ወደ ማሳው ብወስዳቸው የማሳው ባለቤት አሉ፤ ጉዴ ይወጣል። እጄን ከካምፑ ጀርባ ወዳለው ነጭ ቦረቦር ዘረጋሁ።

ስምንት ቀን ያንን ነጭ አፈር ቆፈርን፣ በወንፊት ነፋን። ጋሽ አንጁሎም አብረውን ይነፋሉ። በሦስተኛው ቀን ወንፊታቸውን አስቀመጡና ዶክተሯ ፊት ቆመው በጋሞኛ፣ «ይሄ አጥንት ከእኔ ማሳ ነው። የቀረውም እዚያው አለ፤ ነይ ላሳይሽ» አሏት።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ዝናቡ ደርሷል፣ ፍጠኑ ነው የሚሉት» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችላቸው። «አመሰግናለሁ፣ እንፈጥናለን በልልኝ።» እኔም ዞሬ በእናቴ ቋንቋ «እዚህ ስትጨርስ እመጣለሁ ብላለች» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየማታው ሥራ ሲለቁ እሾሁን እየመነጠሩ እስከዚያ ግድግዳ ድረስ መኪና የሚያስገባ መንገድ አወጡላት። መንገዱን አይቼዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ዝናቡ እውነትም መጣ። ሁለት ቀን ሲወርድ ሰንብቶ ሲያባራ ሮጬ ሄድኩ፤ ግድግዳው ተደርምሷል፣ ቀዩ ጎርፍ የቀረውን ይዞት ወደ ሐይቁ ወርዷል። ካምፑ በተነሣ ዕለት ዶክተሯ ለብቻዬ ጠርታ ከጥርሱ ሸንተረር ውስጥ ቀይ አፈር ጫር አድርጋ አሳየችኝ። «የእኛ ቦረቦር ነጭ ነው። እርግጠኛ ነህ?» እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ከዚያ ሣጥኑ ላይ «የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ጎበዝ አላለችኝም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ አንጁሎን ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ አንድ ሙዝ እርሻ ውስጥ አገኘኋቸው። ሙዝ ሊገዙ ወርደው ነው። አገላብጠው ሳሙኝ። «ሴትዮዋ ሳትመጣ ቀረች፤ ዝናቡ ነው የከለከላት። ግን ነግረህልኛል፤ ማን እንዳገኘው ታውቃለች» አሉኝ።

«ታውቃለች» አልኩ።

ከገዙት ላይ ገንጥለው ሰጡኝ። ቆሜ በላሁት።

ጋሽ አንጁሎ ካረፉ ቆዩ። ልጆቻቸው ዛሬም፣ አባታችን ለአዲስ አበባዋ ዶክተር ነግረዋት ነበር ብለው እንደሚያወሩ እሰማለሁ። ሰው ስለ አጥንቱ መጥፋት ሊያዝን ይችላል፤ እኔን የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ሰውየው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚያውቁትን ሊናገሩ ቆሙ፤ በመካከል የነበረው አፍ የእኔ ነበር። የእኔ ልጆች ጋሞኛ አይሰሙም። ያን ቀን የተባለውንና እኔ ያልኩትን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ከእኔ በቀር የለም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። መንጋጋውን ያገኙት ጋሽ አንጁሎ ናቸው።