የ"ልክ ነህ" ምስክርነት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ "ልክ ነህ" ነበር የሚለው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ይበል ምን፣ መቀሱን ሳያቆም "ልክ ነህ" ይላል። መንግሥት ይውረድ ያለውም ልክ ነው፣ ይቆይ ያለውም ልክ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሰው "ምላጭ ይዘህ ከደንበኛ አትከራከር" ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ምላጩን ካስቀመጠ በኋላም መከራከር አልሆነለትም።

የከተማው እግር ኳስ ቡድን በረኛ የዚሁ ቤት ደንበኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ፀጉሩን ቆርጦት አያውቅም። በዋንጫው ፍጻሜ ኳስ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገባችና ከተማው ቂም ያዘበት። ብዙም ሳይቆይ አንድ የሆቴል ዘበኛ በምሽት ተደብድቦ "የመታኝ በረኛው ነው" ሲል፣ ሰዉ ማስረጃ ልጠይቅ ብሎ ራሱን አላደከመም። ያቺን ኳስ የለቀቀ እጅ ምን አይሠራም! የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሁሉ ሕግ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ።

ዘበኛው ሲደበደብ ግን በረኛው ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ አገጩ ላይ አረፋ ተለቅልቆ ተቀምጦ ነበር። ዶፍ ስለወረደ ሌላ ደንበኛ አልገባም፤ ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የበረኛው እናት ሱቁ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ያየኸውን ብቻ ተናገርልኝ" ቢሉት፣ "አይዞዎት እማማ፣ እኔ እያለሁ!" ብሎ ደረቱን ነፋ። እሳቸው እንደወጡ አንድ ባለታክሲ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ "ያ ወሮበላ ዕድሜ ልክ ይገባዋል" አለ።

"ልክ ነህ" አለ ጀግናችን፣ አንገቱ ላይ ፎጣ እያሰረለት።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጉምጉምታው ሲበዛ ዳኛዋ "እዚህ የሚሰማው ማስረጃ እንጂ የሰፈር ወሬ አይደለም" ብለው ጸጥ አሰኙ። የሰፈር ወሬ ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ የምስክር መቆሚያው ላይ መውጣቱን ከየት ይወቁ!

"ያን ምሽት ተከሳሹ እርስዎ ጋ ነበር?" አለ የበረኛው ጠበቃ።

"ልክ ነው፣ ነበር።"

እናቲቱ ዐይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ጥሩ ደንበኛ ይመስላል። "ሱቅዎ ውስጥ 'የደበደበው በረኛው ነው' ሲሉ ከርመዋል አሉ።"

"ልክ ነው።"

"መቼም ሰው ቀን ይምታታበታል። ምናልባት የመጣው በሌላ ቀን ይሆን?"

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኋላ ዞረ። ባለታክሲው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ደንበኞቹ በሙሉ አፍጥጠው ያዩታል። "አይደለም" የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች፤ እንግዳ ሆነችበትና መልሶ ዋጣት።

"ልክ ነዎት ጌታዬ" አለ።

ዳኛዋ ምስክርነቱን ውድቅ አደረጉት። የቀረው የዘበኛው ቃል ብቻ ስለነበር በረኛው ተፈረደበት። ያ ሁሉ ሰው እውነትን ራሱ ፈልጎ ያገኛት ይመስል እየተኩራራ ወጣ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። እናቲቱ ማንንም ሳያስፈቅዱ ገብተው የቆረጣው ወንበር ላይ ተቀመጡና በመስታወቱ ውስጥ አዩት።

"ልጄ እዚች ላይ ነበር አይደል የተቀመጠው?"

"ልክ ነዎት እማማ" አለ በሹክሹክታ።

"ኧረ ይተዉት እማማ!" አለ ባለታክሲው ተራውን እየጠበቀ። "ልጅዎ የእጁን ነው ያገኘው።"

"ልክ ነህ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። አፉ ቀደመው።

እናቲቱ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

"አንተ ሰው አይደለህም" አሉት።

"ልክ ነዎት እማማ" አለ፤ ፎጣውንም አራግፎ ወንበሩን ወደ ባለታክሲው አዞረ።