ለሶፍ የተሠራ እግር

አህመዲን መካነ ሰላም ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው። እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ጉዱ ሁሉ አያመልጠኝም። እህቱ ጠይባ ከዓረብ አገር ትንሽ ፕሪንተር ላከችለት፤ ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ በሌዘር ጨረር እያረጋ ዕቃ የሚያወጣ። የሬዲዮ ቁልፍ፣ የድስት እጀታ ይሠራበታል፤ ከመዳፍ የሚበልጥ ነገር ግን አያወጣም።

አባቱን ጋሽ ያሲንን የስኳር በሽታ አንድ እግራቸውን ከጉልበት በታች አሳጣቸው። መስጂድም ከሶፉ፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ፣ ወጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ሆነ። «ሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ ሳልቆም አላህ አይውሰደኝ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ልጃቸው አንገቱን ይደፋል።

በዚያ ፕሪንተር ሰው ሠራሽ እግር ሊሠራላቸው ቆረጠ። መጀመሪያ እግሩን በቁርጥራጭ አውጥቶ አጣበቀው፤ ሲረግጡበት ከመጋጠሚያው ተሰነጠቀ። አንድ ወጥ መሆን አለበት አለና ማሽኑን ሊያሳድግ ተነሣ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብዬ አሾፍኩበት። መች ሰማኝ! የፈሳሹን ሳህን በትልቅ ገንዳ ተካ፤ ጨረሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲደርስም ሌዘሩን ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ጨረሩ ከፍ ሲል ሰፋ፣ ሲሰፋ ደከመ፤ የሚወጣው ሁሉ እንደ ገንፎ የላላ ሆነ። ስንት ሬዚን አበላሸ! በመጨረሻ ጨረሩ በየቦታው እንዲቆይ ጉዞውን አዘገየው፤ ያኔ እግሩ ከጉልበት እስከ መርገጫው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣለት።

ልኩን የወሰደው አባቱ በምርኩዝ ቆመው ከደህናው እግራቸው ነው፤ ጫማቸውን እንዳደረጉ። አዲሱ እግር ጫማ አያሻውም ነበር። ገበያውን አቋርጠው ሲሄዱ ሰዉ «ማሻ አላህ!» አለ። እኔም አለቀስኩ።

ጁምዓ ደረሰ። ጋሽ ያሲን መስጂዱ በር ላይ እንደ ሰው ሁሉ ጫማቸውን አወለቁ። ደህናው እግራቸው የጫማውን ሶል ያህል አጠረ፤ ማናችንም ልብ አላልንም። ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶ ቆሙ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ለሩኩዕ ጎንበስ ስንል ወደ አጠረው ጎን አዘነበሉና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ያ እግር ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

አሁን መቀመጥም አይችሉም፤ ተጋድመው በዓይናቸው ይሰግዳሉ። ትናንት ልጠይቃቸው ስገባ አህመዲን ግርጌያቸው ተቀምጦ ያለቅሳል።

«አባባ፣ በድያለሁ፤ አውፍ በሉኝ።»

«ምኑን ልጄ? አንዴም ቢሆን ቆሜያለሁ እኮ» አሉት።

ይህን ሲሉት ይበልጥ አለቀሰ። አዛን ሲል እኔ ተነሣሁ፤ እሱ አልተነሣም። ከዚያች ጁምዓ ወዲህ ሶፍ ውስጥ አላየሁትም።