ከማንዶሊኑ ድልድይ ሥር

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ሁለት ሰዎች ሲኒማ ራስ አጠገብ ያዙኝ። ልጄ የምትዳረው እሑድ ነበር። የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለጨርቅ ነጋዴው ወርውሬ «ለቤት ንገር» አልኩት። ከዚያ በላይ አላስናገሩኝም። መኪና ውስጥ አንደኛው «ስለ አንድ ማንዶሊን ትጠየቃለህ» አለኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ለስድስት ሰው የሚበቃ ነው፤ እኛ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ወዝ ጠቁሯል። በሩ እንደተዘጋ የክፍሉ ካቦ፣ እስረኛውን የሚያዘው አንገተ ወፍራም ሰው፣ ከፍራሹ ሳይነሳ ጠየቀኝ።

«ሽማግሌ፣ በምንድን ነው የገባኸው?»

«በማንዶሊን።»

ሳቁ። «አባባ ዘፋኝ ናቸው!» አለ አንዱ ከጥግ።

«ጠጋኝ ነኝ እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም።»

ከሽንት ባልዲው አጠገብ ቦታ ሰጡኝ።

ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዬን ማንዶሊን ጎጃም በረንዳ ከአንድ ቁራሌ ክምር ውስጥ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ፈትቼ ተማርኩ። ዛሬ ዓይኔን ብትሸፍኑኝ ጀርባውን ዳብሼ፣ እንደ ቅል የተነፋ ይሁን ዝርግ፣ ማን እንደጠገነው እነግራችኋለሁ። ስምንቱ ክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያርፍበት ዘንድ ሆዱ ላይ የሚቆም ትንሽ ድልድይ አለው። እኔ ከቀንድ እቀርጸዋለሁ። በሙጫ አይያዝም፤ የሚይዘው የክሩ ጫና ብቻ ነው። ክሩ በሙሉ ከተፈታ ይወድቃል። የአንዱ ከሌላው እንዳይቀየርብኝ የባለቤቱን ስም በመርፌ ከሥሩ እጭራለሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ዕድሜው ከልጄ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ማንዶሊኑ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ወረቀት ተደብቆበት እንደሆነ ሊያዩ ክሩን ሁሉ ፈተውታል። ድልድዩ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ በጎኑ ወድቋል። የተጫረው ስም ወደ እኔ ዞሯል።

መርማሪው ስልኩን አሳየኝ። በቪዲዮው ውስጥ የሚጫወተው ሰው ፊቱ አይታይም፤ የሚታዩት እጆቹና ማንዶሊኑ ናቸው። ዘፈኑ ባለሥልጣን ይሰድባል። «ሰውየው ዕቃውን ጥሎ አምልጧል» አለ።

«ይኼን ዕቃ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ጀርባው ላይ ያለውን የዋንዛ ቁራጭ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«የማን ነው?»

ባለቤቱን አልወደውም። ይጠጣል፤ ማንዶሊኑን ፀሐይ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ቀን በደንበኞቼ ፊት ድምፁን አበላሸህብኝ ብሎ «ጫማ ብትጠግን ይሻልሃል» ብሎኛል። ስሙ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለልጄ ሰርግ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስድቡን ነው።

«አልናገርም» አልኩ።

ወረቀት አወጣ። «እሑድ ሰርግ አለህ አሉ። ወይ ስሙን ንገረኝ፣ ወይ አላውቀውም ብለህ ፈርምና መዝገቡን ልዝጋው። ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

«አውቀዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ደደብ ነህ እንዴ? አላውቀውም በል፣ አለቀ!»

«በዕቃ ዋሽቼ አላውቅም።»

በንዴት ድልድዩን አንስቶ ጠረጴዛውን ይመታበት ጀመር። ጣቱ ያረፈው ስሙ ላይ ነበር።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ክሩን የምትሸከመው ናት። ትሰበራለች፣ ቦታዋ ልመልሳት።»

ወረወረልኝ። ሆዱ ላይ አቆምኳትና ሁለት ክር ሳብኩባት። ከሚገባው በላይ ወጠርኩት። ስሙ ከሥር ቀረ። ቦታዋ እዚያ ነው፤ ያደረግኩት ግን ለቦታዋ ብዬ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«መልሱት» አለ መርማሪው። «ሰርጉን ባልዲው አጠገብ ይብላ።»

ስመለስ ካቦው ፊቴንና እጄን ገልብጦ አየ። ምልክት አልነበረብኝም።

«ሻይ ጋበዙህ? ስንቱን ሸጥክ?»

«ማንንም።»

«ሳይሸጥ በደህና የተመለሰ አላየሁም፣ ጋሼ።» ጋሼ ያለኝ ለማክበር አይደለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም አላናገረኝም፤ ዳቦ ሲታደል የእኔ በእግር ተገፍቶ ነበር የሚመጣው።

እሑድ ጠዋት ለመጠጥ ከተሰጠኝ ውኃ በግማሹ ፊቴን ታጠብኩ። ኮቴን ቆለፍኩ። ሙሽሪት ከቤት ትወጣለች ብዬ በገመትኩት ሰዓት ቆሜ፣ ወደ በሩ ዞሬ፣ እጄን ዘርግቼ መረቅኳት። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ትዳርሽ ይባረክ፣ ቤትሽ ይሙላ።

«ማንን ነው የሚመርቀው? ባልዲውን?»

ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቅኩም፤ ድምፄንም አልቀነስኩም፤ ጨረስኩ። አሜን የሚል አልነበረም። አሜን ያልኩት ራሴ ነኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ቤት ስገባ የሰርጉን ፎቶ አሳዩኝ። ልጄ በነጭ ልብሷ ተንበርክካ ጉልበት ትስማለች። ጉልበቱ የወንድሜ ነው።

ልጄ ስትመጣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።

«አባዬ፣ አላውቀውም ማለት ያን ያህል አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

«ለእኔ ስትል እንኳ?»

በስድስት ዓመቷ ስኳር ሰርቃ አልሰረቅኩም ብላኝ ነበር። የመታኋት ለስኳሩ አልነበረም። ይህን እሷም የምታስታውሰው ይመስለኛል፤ ግን አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁም።

አሁን የራሷ ልጅ አላት። በበዓል ትመጣለች፤ ጉንጬን ስማኝ ትቀመጣለች። ጉልበቴን እስከ ዛሬ አልሳመችም። አልጠየቅኳትም።