በቅሎዋ ስትሞት የሳቁ ሰዎች

ዛሬ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ስትሪትሃም ሰፈር ባሳዩን የድሮ ካውቦይ ፊልም ላይ ሸሪፉ የሞተች በቅሎውን አቅፎ ሲያለቅስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ይህንኑ ፊልም በወጣትነቴ ናዝሬት፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሜ ለሕዝቡ በአማርኛ ተርጉሜዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት ነበር። ሕዝቡ ግን እንባውን አፍስሷል።

«አባባ፣ ኮሜዲ እኮ ነው! ምን ብለው ነው የተረጎሙት?» አለችኝ የልጅ ልጄ እየሳቀች።

«የሚገባውን» አልኳት።

የሆሊውድ ሰዎች ያን የመሰለ ታሪክ ይዘው ቀለዱበት። በቅሎ በሞተችበት ሰው መሳቅ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፤ እኔ አንድ ቃል አላርምም።

ያን ጊዜ ናዝሬት ያያችሁት ካላችሁ፣ ማልቀሳችሁን እዚህ ሥር ለልጅ ልጄ ጻፉላት። አጠገቤ ተቀምጣ፣ አሁንም እየሳቀች፣ እየጠበቀች ነው።