ለብረቷ ሞግዚት የተደረሰ ለቅሶ

ኮምፒውተሩ ዛሬም ሮቦት አለመሆኔን እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጬ የዋልኩት እሱ ላይ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል።

ልጅ ሳለሁ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሲወርድ፣ ማር ሊሸጡ ከማንኪራ የመጡት የአባቴ ወዳጅ ጋሽ አለሙ ባልዲያቸውን ይዘው ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቤቱ እርጥብ ጋቢ እና ማር ሸተተ። ፊልሙ ላይ አንዲትን ልጅ ያሳደገች የብረት ሞግዚት ተበላሽታ ወደቀች፤ ልጅቷም ላይዋ ተደፍታ ታለቅሳለች። ዝናቡ አባርቶ ገበያው ሊበተን ሲል እንኳ ጋሽ አለሙ አልተነሱም።

«ጋሽ አለሙ፣ እሷ እኮ ማሽን ናት፤ ሰው አይደለችም» አልኳቸው።

«ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ለቅሶ ጥሎ አይኬድም» አሉኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቴሌቪዥኑ ላይ ላለችው ልጅ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናሽ» አሉ። እኛ ልጆቹ ሳቅን። እሳቸው ማሩን ሳይሸጡ ወደ ማንኪራ ተመለሱ።

አሁን «ሮቦት አይደለሁም» የምትለውን ሳጥን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ወዲያው አመነኝና ቀጣዩን ገጽ ከፈተልኝ። ጋሽ አለሙ ቢሆኑ ኖሮ ግን መጀመሪያ «የሚያለቅስልህ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር።